የ«ጆይ» ፊልም ታህቱን የት ጣለው?

ዛሬ ስለ አንድ ፊልም ላወራችሁ ነው። ግን መጀመሪያ አንድ የስልክ ጥሪ ላስቀድም።

የአክስቴ ልጅ አንድ ማታ ደወለችልኝ። እሷና ባሏ ልጅ ሲጠብቁ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። በዚያ ሰሞን ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደው ስለ አይ ቪ ኤፍ ተነግሯቸው ነበር። አይ ቪ ኤፍ ማለት የሴቷ እንቁላልና የወንዱ ዘር ላብራቶሪ ውስጥ ተገናኝተው፣ የተፈጠረው ሽል ጥቂት ቀን ካደገ በኋላ ወደ ማህፀን የሚገባበት ሕክምና ነው። «አንቺ ኢንጂነር ነሽ፣ ቁጥር ይገባሻል» አለችኝ። «ከመቶ ሰባው ይሳካል ነው ያሉን። ሰባ ጥሩ ነው አይደል?»

«ሰባው ከምን ላይ ነው?» አልኳት።

«ከመቶ ነዋ!»

ሳቅን። ጥያቄዬ ግን የምሬን ነበር። ክፍልፋይ ስንማር ከላይ ያለው ላዕል፣ ከታች ያለው ታህት ይባላል ተብለን የለ? የአክስቴ ልጅ እጅ ላይ የነበረው ላዕሉ ብቻ ነው። ሰባው ሕክምናውን ከጀመሩ ሴቶች ላይ የተቆጠረ ነው? ሽል ከገባላቸው ሴቶች ላይ ነው? ደግሞስ «ተሳካ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? የእርግዝና ምርመራው አዎንታዊ ሆነ ነው ወይስ ልጁ ተወለደ? እሷ መልሱን አታውቅም፤ ክሊኒኩም አልነገራትም።

ታዲያ ቅዳሜ ዕለት ቤቷ ሄጄ «ጆይ» የተባለውን ፊልም አብረን አየን። ፊልሙን ያላያችሁት ካላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። አዘጋጁ ቤን ቴይለር፣ ጸሐፊው ጃክ ቶርን ናቸው፤ በ2024 ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ታሪኩ በ1968 እንግሊዝ አገር ይጀምራል። ጂን ፐርዲ የምትባል ወጣት ነርስ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ የባዮሎጂ ተመራማሪው ሮበርት ኤድዋርድስ ላብራቶሪ ውስጥ ትቀጠራለች። ሁለቱ ኦልድሃም ከተማ ያለውን የማህፀን ሐኪም ፓትሪክ ስቴፕቶን አብሯቸው እንዲሠራ ያሳምኑታል። ስቴፕቶ ሆድን በሰፊው ሳይቀድ፣ በትንሽ ቀዳዳ ቀጭን መመልከቻ አስገብቶ በማየት፣ ማለትም በላፓሮስኮፒ፣ የታወቀ ነበር። ሦስቱ አሥር ዓመት ይለፋሉ። ጋዜጣው ይዘልፋቸዋል፣ የአገሪቱ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ገንዘብ ይከለክላቸዋል፣ ሃይማኖተኛዋ የፐርዲ እናት ልጇን ትርቃታለች። በመጨረሻ ጁላይ 25 ቀን 1978 ሉዊዝ ጆይ ብራውን ትወለዳለች። የፊልሙ ስም ከመካከለኛ ስሟ የተወሰደ ነው፤ ትርጉሙም ደስታ ነው።

አለቀስን። ሁለታችንም። ቶማሲን ማኬንዚ ፐርዲን ሆና ስትጫወት ዝምታዋ ይናገራል፤ ስቴፕቶን የሚጫወተው ቢል ናይ ደግሞ ትዕግሥቱ ያለቀበት አዛውንት ሐኪም ሲሆን ሌላ ተዋናይ ይሄን ሊሠራው አይችልም ያሰኛል። ፊልሙ የሠራው አንድ ትልቅ ውለታም አለ። ኤድዋርድስ በ2010 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ፐርዲ ግን በ1985፣ በ39 ዓመቷ በካንሰር ሞታለች፣ ስሟም ለብዙ ዓመታት ከመታሰቢያ ሰሌዳው ላይ ተትቶ ኖሯል። ኤድዋርድስ ስሟ እንዲገባ በደብዳቤ ተከራክሮ ነበር፤ ስሟ ያለበት ሰሌዳ የተተከለው ግን በ2015 ነው። «ጆይ» እሷን መሀል ላይ አቁሟታል። ለዚህ ብቻ እንኳ ፊልሙን እዩት እላለሁ።

ግን መጨረሻው ላይ የአክስቴ ልጅ እንባዋን እየጠረገች «አየሽ፣ ተስፋ ካልቆረጡ ይሳካል» አለች። እኔና ፊልሙ የተጣላነው እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ሲካፈል ለስንት?

የእነ ኤድዋርድስ የላብራቶሪ ማስታወሻ ደብተሮች አሁንም አሉ። ኬይ ኤልደርና ማርቲን ጆንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ደብተሮቹን ገጽ በገጽ አንብበው ቆጠራቸውን በ2015 አሳትመዋል። ከ1969 እስከ 1978 ባለው ጊዜ 282 ሴቶች ተሳትፈዋል። እንቁላል ለማውጣት 457 ጊዜ ላፓሮስኮፒ ተሞክሯል። ሽል ወደ ማህፀን እስከ ማስገባት የተደረሰው 112 ጊዜ ነው። ከእነዚህ 5 እርግዝና ተገኘ። የተወለዱት ልጆች 2 ናቸው፦ ሉዊዝ ብራውንና ከእሷ ወራት ዘግይቶ የተወለደው አላስቴር ማክዶናልድ።

አሁን ስልካችሁ ላይ ያለውን ካልኩሌተር አውጡ። 2ን ለ457 ብታካፍሉ ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ 0.44 ነው። ለ112 ስታካፍሉት ወደ 1.8 ከመቶ ይወጣል። ለ5 ካካፈላችሁት ግን 40 ከመቶ! ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ላብራቶሪውም ያው፣ ልጆቹም ያው ሁለት ልጆች። አንድም ቁጥር አልተዋሸም። የተቀየረው ታህቱ ብቻ ነው። እኔ የዚያን ጊዜ ማስታወቂያ ሠሪ ብሆን የቱን ቁጥር ግድግዳው ላይ እንደምጽፍ አትጠራጠሩ።

«ጆይ» ሴቶቹን ጨርሶ አልረሳቸውም፣ ይሄን መካድ አይገባም። ራሳቸውን «የእንቁላል ክበብ» ብለው ሲጠሩ፣ ሲሳሳቁ፣ ሲያዝኑ እናያቸዋለን። ችግሬ ፊልሙ ሐዘናቸውን ያስቀመጠበት ቦታ ነው። የእያንዳንዷ ሴት አለመሳካት ወደ ሉዊዝ የሚያደርስ አንድ የደረጃ እርከን ሆኖ ነው የሚታየው። ለተመራማሪው እውነት ነው፤ 456ኛው ሙከራ ለ457ኛው ትምህርት ይሆነዋል። ለሴትየዋ ግን የራሷ ሙከራ የማንም እርከን አይደለም። ሙሉ ታሪኳ እሱ ነው። 280 ሴቶች ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ካሜራው ከእነሱ አንዷን ተከትሎ ቤቷ ድረስ ቢሄድና እዚያው ቢቆይ ኖሮ፣ የአክስቴ ልጅ «ተስፋ ካልቆረጡ ይሳካል» የምትል አይመስለኝም።

እዚህ ላይ «ፊልም እኮ ነው፣ ሰንጠረዥ እንዲያሳየን ነው የምትፈልጊው?» ልትሉኝ ትችላላችሁ። አይደለም። ግን አንድ ቤተሰብ ያጠራቀመውን፣ አንዳንዴም የተበደረውን ገንዘብ ይዞ ለሚገባበት ሕክምና፣ ብዙ ሰው ያለው ብቸኛ ሥዕል እንዲህ ያለ ፊልም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንዳወጣው በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ ገደማ በሕይወቱ ውስጥ ልጅ የማግኘት ችግር ይገጥመዋል። እናንተ የምታነቡት ወጣቶች ለራሳችሁ ባይሆን እንኳ ለእህት፣ ለወንድም፣ ለጓደኛ ስትሉ አንድ ቀን ይሄን ጥያቄ መጠየቃችሁ አይቀርም።

ወንፊቶቹ

አይ ቪ ኤፍ ለምን እንደሚሳካና ለምን እንደማይሳካ ለማወቅ በአእምሯችሁ ወንፊት ሳሉ። አንድ ሳይሆን በተርታ የተደረደሩ ብዙ ወንፊቶች። እንቁላል መውጣት አለበት። የወጣው የበሰለ መሆን አለበት። ከበሰሉት ውስጥ በጥሩ ላብራቶሪ ሁለት ሦስተኛው፣ ወይም ትንሽ ከዚያ ከፍ የሚለው፣ ከወንዱ ዘር ጋር ተዋህዶ ይዳብራል። ከዳበሩት ውስጥ ግማሽ ገደማው ብቻ እስከ አምስተኛው ቀን ያድጋል። ከዚያ ማህፀን ውስጥ መጣበቅ አለበት፤ ከተጣበቀም በኋላ ሳይወርድ እስከ ወሊድ መድረስ አለበት። እኛ ፋብሪካ ውስጥ ምርት ስናሰላ የምናውቀው ነገር ነው፦ አምስት ደረጃዎች ቢኖሩና እያንዳንዱ 80 ከመቶ ቢሠራ፣ ጫፍ ላይ የሚወጣው 80 አይደለም። 33 ገደማ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ ለብቻው ጎበዝ ሆኖ ጠቅላላው ሲሶ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከመካከል ያለውን የአንዱን ወንፊት ቁጥር መዝዞ «የስኬት መጠን» ብሎ ቢነግራችሁ፣ አልዋሸም፣ ግን እናንተ የጠየቃችሁትን አልመለሰም።

ከሁሉም ወንፊት ቀዳዳውን የሚያጠበው የእንቁላሉ ዕድሜ ነው። ሴት ልጅ እንቁላሎቿን ይዛ ነው የምትወለደው። 38 ዓመት የሆናት ሴት እንቁላልም 38 ዓመት ሲጠብቅ ኖሯል፤ ክሮሞዞሞቹን በእኩል የሚያካፍለው የውስጥ አሠራር በዚያ ሁሉ ጊዜ ይላላል። ስለዚህ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር የክሮሞዞም ቁጥሩ የተዛባ ሽል ይበዛል፤ እንዲህ ያለው ሽል አብዛኛውን ጊዜ ወይ አይጣበቅም ወይ ይወርዳል። የእንግሊዝ የመራቢያ ሕክምና ተቆጣጣሪ የ2022 አኃዝ እንደሚያሳየው፣ ከ35 ዓመት በታች ባሉ ሴቶች በራሳቸው እንቁላል ከገባላቸው ሽሎች ሲሶ ገደማው ለወሊድ ይበቃል። 43 እና 44 ዓመት ላይ ከሃያ አንዱ ገደማ ነው። ማህፀኑ እኮ ያን ያህል አያረጅም። እንዴት አወቅን? በዕድሜ የገፉ ሴቶች ከወጣት ለጋሽ በተገኘ እንቁላል ሲሞክሩ የስኬቱ መጠን የለጋሿን ዕድሜ እንጂ የተቀባይዋን አይከተልም። እንደ ሙከራ ካያችሁት በጣም የሚያምር ነው፤ አንዱን ተለዋዋጭ ቀይሮ ሌላውን መያዝ።

ሌስሊ ብራውን፣ የሉዊዝ እናት፣ ሽሉ ሲገባላት 30 ዓመቷ ነበር። ሁለቱም የማህፀን ቱቦዎቿ የተዘጉ ነበሩ። ማለትም እንቁላሏ ገና ወጣት ነው፣ ችግሯ የመንገድ መዘጋት ነው፤ አይ ቪ ኤፍ ደግሞ መጀመሪያውኑ የተፈለሰፈው ለተዘጋ መንገድ ማቋረጫ እንዲሆን ነው። ፊልሙ ስለ ጽናት ብዙ ያወራል፤ ስለ ዕድሜ ግን ብዙም አያወራም። ጽናትና ዕድሜ ግን እየተጣሉ የሚሄዱ ነገሮች ናቸው። አንድ ሙከራ 30 ከመቶ ዕድል ካለው ሦስት ጊዜ ቢሞከር 66 ከመቶ ይደርሳል የሚለውን ስሌት ትሰሙ ይሆናል። ስሌቱ የሚሠራው እያንዳንዱ ሙከራ ያለፈውን እንደማያስታውስ ሳንቲም ከሆነ ብቻ ነው። እዚህ ሳንቲም የለም። ሁለት ጊዜ አለመሳካቱ ራሱ ስለ ቀጣዩ የሚነግረን ነገር አለ፣ በሙከራዎቹ መካከል ዕድሜ ይጨምራል፣ ገንዘቡም ያልቃል።

ቱቦን ካነሳን አይቀር፣ ይሄ ለእኛ አገር ቅርብ ጉዳይ ነው። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ያልታከመ ክላሚዲያና ጨብጥ፣ ንጽሕናው ባልተጠበቀ ሁኔታ የተደረገ ውርጃ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ኢንፌክሽን ቱቦ ይዘጋሉ። አንዳንዴ የተዘጋው ቱቦ ፈሳሽ ይቋጥርና ያብጣል። ያ ፈሳሽ ወደ ማህፀን እየተንጠባጠበ የአይ ቪ ኤፍን ስኬት በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል። አስቀድሞ ቱቦውን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ወይም መዝጋት ደግሞ ዕድሉን መልሶ ከፍ እንደሚያደርግ በደንብ ተጠንቷል። ብልጭልጭ ነገር የለውም፣ ማንም ማስታወቂያ አይሠራለትም፤ ግን ከብዙ ውድ ተጨማሪ ነገሮች ይልቅ ይሠራል።

የፐርዲ እጅ

ከፊልሙ ጋር ያለኝ ሁለተኛ ጠብ ስለ ራሷ ስለ ፐርዲ ነው። «ጆይ» ልቧን አሳይቶናል፤ እጇን ግን ያን ያህል አላሳየንም። የምታጽናና፣ የምታለቅስ፣ እናቷን የምትናፍቅ ፐርዲን በደንብ አወቅናት። ነገር ግን ፐርዲ ዛሬ ኤምብሪዮሎጂስት የምንለው ባለሙያ ነበረች፣ ሽሉን የምትጠብቀው እሷ ናት። የሉዊዝ ሽል ሲከፋፈል መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። እናቷ ታማ ልታስታምም በሄደችበት ጊዜ ሥራው ራሱ ቆሞ ነበር። አስቡት፣ ኤድዋርድስም ስቴፕቶም እያሉ። ለምን ይመስላችኋል? የስኬቱ አንድ ትልቅ ምክንያት እዚያ ላብራቶሪ ውስጥ፣ በየዕለቱ በምትለካውና በምታዘጋጀው ነገር ላይ ስለነበር ነው።

እስቲ አንዷን ነገር ብቻ እንውሰድ፤ ኢንጂነር ነኝና ታገሡኝ። ሽል የሚያድገው 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ፣ ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.4 ገደማ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ነው። ፒኤቹን የሚጠብቀው ፈሳሹ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔትና ከአየሩ የሚሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሚዛን ነው። ስለዚህ ኢንኩቤተሩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨመራል፤ ባሕር ጠለል ላይ 6 ከመቶ ገደማ በቂ ነው እንበል። አሁን ያንኑ ማሽን አዲስ አበባ አምጡት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ፈሳሹ ውስጥ የሚሟሟውን የሚወስነው ፐርሰንቱ አይደለም፣ ጋዙ የሚያደርገው ግፊት ነው። የውሃ ተኑን ቀንሼ ስሠራው፣ ባሕር ጠለል ላይ 6 ከመቶ የሚሰጠውን ያህል ግፊት ለማግኘት አዲስ አበባ ላይ 8 ከመቶ አካባቢ ያስፈልጋል። ማሽኑን እንደመጣ 6 ላይ ብትተዉት ፒኤቹ በ0.13 ገደማ ከፍ ይላል። ትንሽ ትመስላለች። ግን 7.3 የነበረው 7.43 ሲሆን ከሚፈለገው ክልል ወጣ ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ ስክሪኑ ላይ «6%» የሚለው ቁጥር ትክክል ነው። ማሽኑ አልዋሸም። 6 ከመቶው ከምን ላይ እንደሆነ ነው ያልተናገረው። የአክስቴ ልጅ ሰባ ጋር አንድ ዓይነት በሽታ!

አዲስ አበባ ውስጥ በ2019 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የመንግሥት የአይ ቪ ኤፍ ማዕከል ሥራ ጀምሯል፤ የግል ክሊኒኮችም አሉ። እንደ እኛ ከፍታ ላይ ያለ ላብራቶሪ ሁሉ የማሽኑን መመሪያ ብቻ ተከትሎ መሥራት አይችልም፤ ፒኤቹን ራሱ ለክቶ ጋዙን ማስተካከል አለበት። ሌላም አለ። ከቀለም፣ ከማጽጃ፣ ከመኪና ጭስ የሚመጡ ተናኝ ኬሚካሎች ሽልን ስለሚጎዱ አየሩ መጣራት አለበት፤ መብራት ሲጠፋም ኢንኩቤተሩ ሳይቀዘቅዝ ጀነሬተሩ መነሳት አለበት። ክሊኒክ ስትመርጡ የሐኪሙን ስም ሰው ሁሉ ይጠይቃል። የኤምብሪዮሎጂስቱን ስም የጠየቀ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ፐርዲ ከሰሌዳው ላይ የቀረችው በዚህ በሽታ ይመስለኛል፤ ፊልሙም ሊያክማት መጥቶ ራሱ ትንሽ ተጋብቶበታል።

መዞሪያውን ነጥብ ራሱ ፊልሙ በፍጥነት ነው የሚያልፈው። ቡድኑ ለዓመታት ብዙ እንቁላል ለማግኘት የሆርሞን መድኃኒት ይሰጥ ነበር፤ መድኃኒቱ ግን ማህፀኑ ሽሉን ለመቀበል የሚዘጋጅበትን ጊዜ ያዛባ ነበር። በ1977 ትተውት በተፈጥሮ ዑደት የምትመጣውን አንዲት እንቁላል መጠበቅ ጀመሩ። ይህ ማለት የሴቷን ሽንት በየጥቂት ሰዓቱ እየመረመሩ ሆርሞኑ ከፍ የሚልበትን ቅጽበት መያዝ፣ ከዚያ ሌሊትም ቢሆን ተነስቶ ቀዶ ጥገና ክፍል መግባት ነው። ሉዊዝ የመጣችው በዚህ መንገድ ነው። የሚገርመው ዛሬ በዓለም ላይ አብዛኛው አይ ቪ ኤፍ ወደ ሆርሞኑ ተመልሷል፤ ምክንያቱም መድኃኒቶቹም አጠቃቀማቸውም ተሻሽሏል፣ ሽሉንም አቀዝቅዞ ማህፀኑ እስኪዘጋጅ ማቆየት ተችሏል። ያኔ ያደናቀፈው ነገር ዛሬ ያግዛል። «ዋናው ምክንያት ይሄ ነው» ብሎ በአንድ ጣት መጠቆም የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ባልየውስ?

በፊልሙ ውስጥ ባሎች ብዙም ቦታ የላቸውም። እኛ ሰፈርም እንዲሁ ነው። ልጅ ሲዘገይ «መካን» የሚለው ቃል የሚለጠፈው ሴቷ ላይ ነው፣ ጠበል የምትወሰደው እሷ፣ ሐኪም ቤት የምትመላለሰው እሷ። የወንዱ ችግር ለብቻው ወይም ከሴቷ ጋር ተደምሮ ግማሽ በሚያህሉት ጥንዶች ላይ አለ። የወንድ ዘር ምርመራ ደግሞ ከሁሉም ምርመራ ቀላሉ ነው፤ ቀዶ የለው፣ መርፌ የለው። የአክስቴ ልጅ ሦስት ዓይነት ምርመራ ጨርሳ ነው ባሏ የመጀመሪያውን ያደረገው። ሲጋራም የሁለቱንም ዕድል ይቀንሳል።

በ1992 ብራሰልስ ውስጥ አንዷን የዘር ፍሬ በቀጭን መርፌ እንቁላሉ ውስጥ የማስገባት ዘዴ ተሳክቶ፣ የዘራቸው ቁጥር በጣም ያነሰ ወንዶችም አባት መሆን ቻሉ። ድንቅ ነው። የዘሩ ጤንነት ደህና በሆነበት ግን ዘዴው የወሊድን መጠን እንደማይጨምር ታውቋል። ሆኖም ለሁሉም ሰው «የተሻለው ይሄ ነው» እየተባለ ይሸጣል።

ስለ ተጨማሪ ነገሮች አንድ ምሳሌ ልስጣችሁና ልለፍ። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን ቀድሞ ትንሽ መጫር ሽሉ እንዲጣበቅ ይረዳል ተብሎ በብዙ አገር ለዓመታት ተሠርቷል፣ ተከፍሎበታልም። በ2019 የታተመ ትልቅ ጥናት 1,364 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ከተጫረላቸው 26.1 ከመቶ ወለዱ። ካልተጫረላቸውስ? 26.1 ከመቶ። እስከ ነጥቡ ድረስ ያው። ታዲያ ለዓመታት «ተጫረልኝ፣ ወለድኩ» ያሉት ሴቶች ዋሽተዋል? በፍጹም። እንደ እነሱ ተጭሮላቸው ያልወለዱት ግን አልተናገሩም። ታህቱ ዝም ይላል።

ላዕሉም ቢሆን መፈተሽ አለበት። «ስኬት» ማለት እርግዝና ከሆነ፣ ክሊኒኩ ሁለት ሦስት ሽል አብሮ እያስገባ ቁጥሩን ማሳመር ይችላል። መንታና ሦስት መንታ ግን ያለጊዜው የመወለድ አደጋው ከፍተኛ ነው፣ ለእናትም ለልጆችም። ጥሩ የሚባሉ ማዕከሎች ዛሬ አንድ ጥሩ ሽል ማስገባትን የሚመርጡት ለዚህ ነው።

የአክስቴ ልጅ 37 ዓመቷ ነው። ፊልሙን ካየን በኋላ በወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍንላት፦ «በእኔ ዕድሜ ካሉ፣ እዚህ ሕክምናውን ከጀመሩ መቶ ሴቶች፣ ስንቶቹ ልጅ ታቅፈው ቤታቸው ገቡ?» ሰኞ ጠዋት ይዛው ሄደች። ከሰዓት ደወለችልኝ፣ ገና ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ።

«ሰባውን ጠየቅኳቸው» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እንቁላሉና ዘሩ ሳህኑ ላይ የሚዋሃዱበት ነው አሉኝ።»

«የወረቀቱንስ ጥያቄ?»

«ነርሷ ‹እስቲ ዶክተሩን ልጠይቅልሽ› ብላ ገባች። እየጠበቅኳት ነው።»